እባብ የነደፈውን ሰው ሳያዩ መመረቅ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለነርስ ተማሪዎች ምን ያግዛል?

የነርስ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ሲወጣ የሚማረው በዚያ ወር በር አልፎ ከገባው ሕመምተኛ ነው። ያልመጣ በሽታ አይታይም። ጎንደር ከተማ በበጋ ለልምምድ የተመደበች ተማሪ እባብ የነደፈው ሰው አንድም ሳያጋጥማት ወሩን ልትጨርስ ትችላለች። ተመርቃ ምዕራብ አርማጭሆ ውስጥ አብደራፊ ብትመደብ ግን ነገሩ ይለወጣል። አብደራፊ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ያለ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ ያድራል፣ በባዶ እጁ ያርማል፣ ያጭዳል። በእባብ የሚነደፈውም፣ ትኩሳትና መክሳት የሚያመጣው ካላዛር የተባለ በሽታ የሚይዘውም በብዛት ይኸው ሠራተኛ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብደራፊ ለዓመታት ሲሠራ የቆየው በእነዚሁ በሁለቱ ሕመሞች ላይ ነው።

አዲሷ ነርስ የመጀመሪያውን እባብ የነደፈው ሰው የምታየው ብቻዋን በሌሊት ተራ ላይ እያለች ከሆነ፣ የምትማረው በሰውየው ሕይወት ላይ ነው ማለት ነው። ሲሙሌሽን ወይም የማስመሰል ልምምድ የሚባለው ትምህርት የተፈለሰፈው ይህን ለማስቀረት ነው። ተማሪው ሕመምተኛ በሚመስል ነገር ላይ ይለማመዳል፣ ይሳሳታል፣ ስህተቱን ይነጋገርበታል፣ ይደግማል፤ የሚጎዳ ሰው የለም። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚህ ሥራ ውስጥ ገብቷል። ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያግዝና የት እንደሚያሳስት በአብደራፊ ሕመሞች ምሳሌነት እንይ።

ከአሻንጉሊት እስከ ተናጋሪ ማሽን

ነርሶችን በአሻንጉሊት ማለማመድ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት አሠርቶ ተማሪዎቹ ሕመምተኛ ማገላበጥና ማጠብ እንዲለማመዱባት አደረገ፤ «ሚስስ ቼዝ» ትባል ነበር። በ1960 ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ባለቤት አስሙንድ ሌርዳል ዛሬም በብዙ የክህሎት መለማመጃ ክፍል (ስኪል ላብ) ውስጥ የምትገኘውን የትንፋሽና የልብ ማሸት መለማመጃ «አን»ን ሠራ። በ1963 ደግሞ ሃዋርድ ባሮውስ የተባሉ የነርቭ ሐኪም ጤነኛ ሰው ሕመምተኛ መስሎ እንዲተውን አሠልጥነው የሕክምና ተማሪዎችን ፈተኑበት።

አሻንጉሊት ለእጅ ሥራ ጥሩ ናት፤ አትናገርም እንጂ። ተዋናይ ይናገራል፤ ግን ይከፈለዋል፣ ይደክመዋል፣ ለሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ጊዜ አንዱን ታሪክ በእኩል ጥራት አይደግምም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ሥራው በአራት ይከፈላል። አንደኛ፣ ለመምህሩ የልምምድ ታሪክ ያረቅቃል፦ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሕመሙ አመጣጥ፣ የምርመራ ውጤት፣ በየደቂቃው የሚለዋወጥ የደም ግፊትና የልብ ምት። ሁለተኛ፣ ራሱ ሕመምተኛውን ሆኖ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ከኮምፒውተር ጋር በተያያዘ አሻንጉሊት ወይም ዓይን ላይ በሚደረግ የምስል መነጽር ውስጥ፣ ተማሪው ባደረገው መጠን የሕመምተኛውን ሁኔታ ይለዋውጣል። አራተኛ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ተማሪው ምን እንደጠየቀና ምን እንደዘለለ ለውይይት ያቀርባል። ሦስተኛው ውድ ነው። የቀሩት ሦስቱ አንድ ላፕቶፕና አንድ ጎበዝ መምህር ይበቃቸዋል።

ማሽኑ እንዴት ይናገራል? እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የቋንቋ ሞዴሎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብበው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል የሚገምቱ ናቸው። ስንኝ ሲቀበል የኖረ አዝማሪ ቤቱ የሚመታበትን ቃል ፈጥኖ እንደሚያገኘው፣ እነሱም የሚገጥመውን ያገኛሉ። ስንኙ መግጠሙ ግን ነገሩ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ከዚህ በታች የሚነሳው አደጋ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ካርዱ እንዴት ይጻፋል

ጥሩ የማስመሰል ልምምድ የሚጀምረው ከካርድ ነው። ካርዱን የሚጽፈው በሽታውን በዓይኑ ያየ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ለካላዛር ልምምድ የሚሆን ካርድ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ሕመምተኛው፦ የ24 ዓመት ወጣት፣ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ።

ሳይጠየቅ የሚናገረው፦ ትኩሳትና ድካም። ወባ ነው ብሎ ያምናል።

ሲጠየቅ ብቻ የሚናገረው፦ ሕመሙ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከስቷል። ሌሊት ሜዳ ላይ ግራር ሥር ነው የሚያድረው። የወባ ኪኒን ገዝቶ ውጧል። የኤችአይቪ ምርመራ አድርጎ አያውቅም።

በምርመራ ብቻ የሚገኘው፦ ከግራ ጎድኑ በታች የሚዳሰስ ያበጠ ጣፊያ። ክብደት 45 ኪሎ። የወባ ምርመራ ነጌቲቭ።

ጠባዩ፦ ችኩል ነው፤ ካቦው ነገ ካልመጣህ ሰው እተካለሁ ብሎታል።

ለማሽኑ የሚሰጥ ደንብ፦ የበሽታውን ስም አትጥራ። ምክር አትስጥ። ካርዱ ላይ የሌለ የምርመራ ውጤት አትፍጠር። በአጭሩ፣ እንደ ገበሬ ልጅ ተናገር።

ካርዱ ለማሽኑ ከተሰጠ በኋላ ተማሪዋ ትጠይቃለች፦

— እንደምን ዋልህ ወንድሜ? ምን ሆነህ መጣህ?

— ትኩሳት ነው ሲስተር። ወባ ነው መሰለኝ። ኪኒኑን ስጪኝና ልሂድ።

— መቼ ጀመረህ?

— ቆየ እኮ። ሰሊጡ ሳይታጨድ ነው።

— አጨዳው ከተጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?

— ሦስተኛ እሑዱ ነው።

— ሰውነትህ እንዴት ነው? ከስተሃል?

— ሱሪዬ ያለ ገመድ አይቆምልኝም።

ተማሪዋ «መቼ ጀመረህ?» ብላ «ቆየ» የሚለውን መልስ ተቀብላ ብታልፍ ኖሮ ሕመሙ ከእጇ ያመልጥ ነበር። በሽታው ባለበት አገር ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ ወይም መክሳት ያለበትና ወባ አለመሆኑ የተረጋገጠ ሰው ለካላዛር ይጠረጠራል። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። ገበሬው ግን ቀን የሚቆጥረው በአረምና በአጨዳ፣ በእሑድና በበዓል ነው። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ያለው ሕመምተኛ «ለ21 ቀን ትኩሳት ነበረኝ» ይላል፤ አብደራፊ ጤና ጣቢያ እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው አይገኝም። ካርዱን ከአገሩ የሆነ ሰው ካልጻፈው ማሽኑ የሚያወራው እንደ መጽሐፉ ነው፤ ተማሪዋም የሰሊጡን አቆጣጠር ወደ ሳምንት መመንዘር አትለማመድም።

ከቃለ ምልልሱ ቀጥሎ ስሌቱ ይመጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ለካላዛር የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መርፌዎች በየቀኑ ለ17 ቀን መስጠት ነው። የመጀመሪያው 20 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው 15 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ለዚህ 45 ኪሎ ወጣት 900 ሚሊግራምና 675 ሚሊግራም ይሆናል። የመጀመሪያው መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው 375 ሚሊግራም ከያዙ፣ በሲሪንጅ የሚሳበው 9 እና 1.8 ሚሊ ሊትር ነው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ክብደት መስጠት ይችላል፤ አንዱ ከሌላው ሊገለብጥ አይችልም። መልሱን ግን መምህሩ በእጁ ያስላው፤ የቋንቋ ሞዴሎች ሒሳብ ላይ ልበ ሙሉ ሆነው ይሳሳታሉ።

ማሽኑ የሚስትበት ቦታ

ካላዛር በሕንድም አለ፤ ስለ ሕንዱ የተጻፈውም ብዙ ነው። ነገር ግን የሁለቱ አገር ሕክምና አንድ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ብዙ ሰው ያድናል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከር ግን አንድ ጊዜ መስጠቱ አልበቃም። አርኬ39 የሚባለው ፈጣን የደም ምርመራም ሕንድ ላይ የሚያሳየውን ያህል አስተማማኝነት በእኛ አካባቢ አያሳይም። ያለ ካርድ «የካላዛር ልምምድ ሥራልኝ» የተባለ ማሽን የሕንዱን መመሪያ የአብደራፊ ሕመምተኛ ላይ ሊለጥፍ ይችላል፤ ጽሑፉ የተስተካከለ ስለሚሆን ስህተቱ በቀላሉ አይያዝም።

ኤችአይቪም አለ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው የያዙት ሰው ብዙ ነው። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በጣም አደገኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ለምሥራቅ አፍሪካ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲንን ከሚልቴፎሲን ጋር ይመክራል። ካርዱ ላይ «የኤችአይቪ ምርመራ አድርጎ አያውቅም» የሚለው መስመር የገባው ለዚህ ነው። ሳትመረምር ወደ 17 ቀኑ መርፌ የሄደች ተማሪ ልምምዱን ወድቃለች፤ መውደቂያው ቦታ ደግሞ እዚህ ይሁንላት።

የእባቡ ጉዳይ ሌላ ዓይነት ወጥመድ አለው። በአካባቢው ካሉት መርዘኛ እባቦች መካከል መርዛቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ እፉኝቶች አሉ። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል የደም ሥር ደም ንጹህና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይጨመራል፤ ሳይነካ ለ20 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ዘንበል ይደረጋል። ደሙ እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን ጀምሯል፤ ፀረ መርዝ መድኃኒት ያስፈልጋል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ፣ ወይም በሳሙና ታጥቦ ከሆነ፣ ወይም ተማሪው በአምስተኛው ደቂቃ ነካ ነካ ካደረገው ውጤቱ ያሳስታል። ጥሩ ካርድ እነዚህን ሦስቱንም ያስገባል፤ ማሽኑም «በምን ቱቦ ቀዳሽው?» ብሎ እንዲጠይቅ ይታዘዛል።

የመድኃኒቱ መጠን ላይ ደግሞ ተማሪም ማሽንም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሕፃን ሲታከም መድኃኒት በኪሎ ይቀነሳል የሚለው ሕግ በፀረ መርዝ ላይ አይሠራም። እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዙን አይቀንስምና የሕፃኑም የአዋቂውም መጠን እኩል ነው። ፀረ መርዙ ራሱ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አጠገቡ የሚዘጋጀው አድሬናሊን ግን በክብደት ይሰላል። በአንድ አልጋ ላይ ሁለት የተለያየ ሕግ አለ ማለት ነው። ይህን በቃል ከማጥናት በልምምድ መሳሳትና መታረም ይሻላል።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። ትልልቆቹ ሞዴሎች የሠለጠኑበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው አንጻር ጥቂት ነው። የግዕዝ ፊደልንም ትንንሽ አድርገው ስለሚቆራርሱት ለአንድ አማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚያወጡት ጊዜና ገንዘብ ይበዛል። ሕመምተኛ ሆነው ሲናገሩ አማርኛቸው የቢሮ ደብዳቤ ይሆናል፤ «የሆድ አካባቢ ምቾት ማጣት ይሰማኛል» የሚል የቀን ሠራተኛ ይፈጥራሉ። ትግርኛ፣ ጉሙዝኛ ወይም የሱዳን አረብኛ ለሚናገር ሕመምተኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በዚሁ ድንበር ያለው መተማም ሆነ አብደራፊ እንዲህ ያለ ሰው የሚመጣባቸው ቦታዎች ናቸው።

ኔትዎርክ በሌለበት

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መብራትም ይጠፋል። ታዲያ ኢንተርኔት የሚፈልግ ማሽን ምን ይፈይዳል?

ማሽኑ በግድ የሚያስፈልገው ካርዱ ሲዘጋጅ ነው፤ ልምምዱ ሲካሄድ የግድ አይደለም። መምህሩ ኔትዎርክ ባለበት ቀን ከአንድ ካርድ ሃያ ዓይነት ሕመምተኛ ሊያወጣ ይችላል፦ አንዱ ወባም ካላዛርም ያለበት፣ አንዷ እርጉዝ፣ አንዱ መጀመሪያ ጠበል ሄዶ ዘግይቶ የመጣ፣ አንዱ እግሩን በገመድ አጥብቆ አስሮ የመጣ። ተርሞ በወረቀት ይታተማል። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ ካርዱን ይዞ ሕመምተኛ ይሆናል፣ ሌላው ነርስ፣ ሦስተኛው ሰዓት ይይዛል። መብራት አያስፈልግም። ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፕ የሚሠሩ ትንንሽ ሞዴሎችም አሉ፤ አማርኛቸው ግን ከትልልቆቹ ይደክማል።

በስልክ መማር እንደሚቻል ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትኖ ታይቷል። «ሴፍ ዴሊቨሪ» የተባለ፣ የማዋለድ ድንገተኛ ችግሮችን በቪዲዮ የሚያስተምርና ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ በገጠር ወረዳዎች በ73 የጤና ተቋማት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። መተግበሪያውን የተጠቀሙት ባለሙያዎች ዕውቀትና የእጅ ክህሎት ካልተጠቀሙት በግልጽ በልጦ ተገኝቷል። በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት ግን ቢቀንስም፣ ልዩነቱ በመተግበሪያው የመጣ ነው ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ አልነበረም። መተግበሪያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረበትም፤ ትምህርቱ ግን ለዛሬውም ይሠራል። ስልክ እጅን ያፍታታል፤ መድኃኒት፣ ደምና አምቡላንስ ግን ከስልክ አይወጣም።

ሆስፒታሉን ይተካል?

አይተካም፤ ከፊሉን ግን ሊሸፍን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በአሥር የነርስ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሽ ድረስ በማስመሰል ልምምድ ተክቶ ተመልክቷል። በፈተናም በሥራ ብቃትም ከሌሎቹ ልዩነት አልታየም። ይህ ውጤት ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፦ ልምምዱን የመሩት በደንብ የሠለጠኑ መምህራን ነበሩ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም የተደራጀ ውይይት ይደረግ ነበር። የተማሪው ትምህርት የሚቋጨው በዚያ ውይይት ነው። «ለምን ይህን አልጠየቅሽውም? ያን ጊዜ ምን እያሰብሽ ነበር?» የሚለውን ማሽን በዝርዝር ሊያቀርበው ይችላል፤ ተማሪዋ ፈርታ ይሁን ሳታውቅ ቀርታ የሚለየው ግን ከፊቷ የተቀመጠው መምህር ነው።

ተማሪንና በሽታውን የማገናኘት ሐሳብ በጎንደር አካባቢ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ለጎንደር ቅርብ በሆነው በደንቢያ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። በተከታዩ ዓመት ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ሐሳቡ ባለሙያ በሽታው ባለበት ቦታ ይሠልጥን የሚል ነበር። መንገዱ በማይከፈትበት ወይም ወቅቱ በማይገጥምበት ጊዜ በሽታውን በካርድ አድርጎ ወደ ተማሪው ማምጣት የዚሁ ሐሳብ ተከታይ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል

ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሁን ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም ሌላ፣ ነርስ የሚያሠለጥን ተቋም ይህን ልሞክር ቢል የሚከተለው ቅደም ተከተል ያዋጣል።

መጀመሪያ ቆላ የሠሩ ነርሶችን መጠየቅ። አንዲት አብደራፊ ወይም መተማ ለዓመታት የሠራች ሲስተር «ብዙ ጊዜ የምንስተው ይህን ነው» ብላ የምትዘረዝራቸው አምስት ነገሮች ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣሉ። ለዚህ ጊዜዋ ይከፈላት፤ ካርዱ ላይም በአዘጋጅነት ትጠቀስ።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ የሕመምተኛ ካርድ ማሽን ውስጥ አለማስገባት። ስም ቢፋቅም ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የኤችአይቪ ውጤትና የመጣበት ቀን ተደማምረው ሰውየውን ይጠቁማሉ፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ ይመድበዋል። ካርዱ ከብዙ ሕመምተኞች ልምድ የተቀመመ ፈጠራ ይሁን።

ሦስተኛ፣ መድኃኒትና መጠን ሁሉ ከብሔራዊው የሕክምና መመሪያ ጋር በሰው እጅ መስመር በመስመር ይመሳከር። ማሽኑ የጻፈውን ሌላ ማሽን እንዲያርመው መስጠት ማመሳከር አይደለም። መመሪያው ሲለወጥ ካርዱም ይለወጥ፤ የታረመበት ቀን ከላይ ይጻፍበት።

አራተኛ፣ በአንድ ሕመም መጀመር። የእባብ ንድፊያ ለዚህ ይመቻል፦ ሥራው አጭር ነው፣ የሰዓት ፈተና አለበት፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፣ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። ተማሪዎቹ ከልምምዱ በፊትና በኋላ ይፈተኑ፤ ከሁለት ወር በኋላም ይደገሙ። የተማሩት ካልጠፋባቸው ካላዛሩ ይቀጥላል፤ ከጠፋባቸው ደግሞ የሚታረመው ካርዱና ውይይቱ ነው፤ ሌላ ማሽን መግዛት አይደለም።

ጊዜውም በእርሻው ይቆጠር። ሠራተኛው ለአረም ቆላ የሚወርደው በክረምቱ ነው፤ በዚያው ክረምት የሚመደቡት ተመራቂዎች በሰኔ ካርዱን ጨርሰው ሊሆን ይገባል።